ሁለት ጣት በረዶ፦ በላንሲ የሆኪ አዳራሽ ያሳለፍኩት ዘመን

ደርግና እኔ በአንድ ሰሞን ሥራ ለቀቅን። እሱ ከቤተ መንግሥት፣ እኔ ከጄኔቭ ወጣ ብሎ ላንሲ ከሚገኝ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ። የእሱን አወጣጥ ዓለም ሁሉ በሬዲዮ ሰማ። የእኔን ስድስት የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ይዘው አከበሩልኝ። ሁለቱን ሳስተያያቸው የእኔ ይሻላል።

ስዊስ አገር ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ «በረዶ አነጥፍ ነበር» እላለሁ። የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ጄኔቭ ካለነው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጽሕፈት፣ በትርጉም ወይም በሾፌርነት ይሠሩ ስለነበር፣ ከቅዳሴ ወጥተን ስንጨዋወት አንዳንዱ ከመንገድ ላይ በረዶ የምጠርግ ይመስለው ነበር። እኔ ግን በረዶ ሠሪ ነኝ። በዓመት ስምንት ወር ሰው የሚንሸራተትበትን፣ ውፍረቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ፣ ስፋቱ ግን የሰፈር ኳስ ሜዳ የሚያህል በረዶ አንጥፌ፣ ጠብቄ፣ በጸደይ ደግሞ በገዛ እጄ አቅልጬ አፈሳለሁ።

ሙያውን የጀመርኩት እዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የበረዶ ፋብሪካ ማሽን ክፍል ሃያ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። በጆንያ ተጠቅልሎ ለሆቴልና ለሥጋ ቤት የሚሄደውን፣ የግንብ ድንጋይ የሚያህለውን በረዶ የምናወጣው እኛ ነበርን። ፋብሪካው ሲወረስ ሥራ አስኪያጃችን ታሰረ። እኔ ቀደም ብሎ በተፈረመ ውል መሠረት አዲስ ማሽን ለመልመድ የሦስት ወር ኮርስ ተብዬ ስዊስ ተላክሁ። በሁለተኛው ወር ባለቤቴ አስቴር በዘመድ እጅ የላከችው ደብዳቤ ደረሰኝ። በአንድ ፈረቃ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ሰው መታሰሩን፣ የእኔም ስም መጠራቱን ጽፋለች። መጨረሻው ላይ «ኮርሱን አትቸኩልበት» ይላል። ገባኝ። አልቸኮልኩም። አሥራ አራት ዓመት ቆየሁ።

ፐርሚ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ የነበረውን ጊዜ አላወራውም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ፐርሚው ሲወጣ የተገኘልኝ ሥራ ጽዳት ነበር፤ ቦታውም የሰፈሩ ሰው «ፓቲኗር» የሚለው ይኸው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ። ከግጥሚያ በኋላ በእንጨት ወንበሮቹ መካከል የወደቀውን ወረቀት፣ ኩባያና የኦቾሎኒ ቅርፊት እሰበስባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በረዶው ላይ እየተንጫጩ፣ እኔ ከማሽን ክፍሉ በር አጠገብ ስጠርግ አፍንጫዬ ነቃ። ሽታው በጣም ስስ ነው፤ ሌላ ሰው የወለል ማጠቢያ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ የበረዶውን አለቃ ፍለጋ ሄድኩ።

አለቃው ሙሴ አርማን ይባላሉ። ያኔ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አጠር ያሉ፣ ትከሻ ሰፊ፣ የሱፍ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚደፉ ሰው ነበሩ። ያልተለኮሰ ፒፓ ከአፋቸው አይጠፋም። ከ«ቦንዡር» ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በሰባራ ፈረንሳይኛዬ አሞንያ ይሸታል አልኳቸው። የጽዳት ሠራተኛን የማሽን ወሬ ማን ይሰማል ብዬ ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ አዩኝና «የት ጋ?» ብቻ አሉ።

መጀመሪያ ልጆቹን አስወጣን። ከዚያ ሙሴ አርማን ከመሳቢያቸው ድኝ ውስጥ የተነከረ ክር አወጡና ለኩሰው በየቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ቀስ እያሉ አሳለፉት። የድኝ ጢስ አሞንያ ሲያገኝ እንደ ወተት ይነጣል። ሦስተኛው ቫልቭ አንገት ላይ ሲደርስ ነጣ። ማንም ሳያዘኝ መፍቻ አንስቼ ማሸጊያውን አጠበቅሁት። ክሩን እንደገና ቢያሳልፉት ጢሱ አልነጣም።

«የት ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ፣ የበረዶ ፋብሪካ።»

«እዚያ አገር በረዶ ይሠራል እንዴ?»

«ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው» አልኳቸው።

ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው ሳቁ። ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን ተወው አሉኝ። በወረቀት ረዳት ለመባል ግን ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ አንድ የብርድ ወራት ሙሉ አለፈ። ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ። ስለ ወረቀትና ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል።

የአዳራሹን ታሪክ የነገሩኝ በነሐሴ መጨረሻ፣ አዲሱን በረዶ ስናነጥፍ ነው። ያ ሥራ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ወሬ ይወዳል። ቦታው ድሮ የቴኒስ ሜዳ ነበር። ሙሴ አርማን ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ብርዱ ሲጠና፣ እሳቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው ጎህ ሲቀድ እየተነሡ ሜዳውን በጎማ ውሃ ያጠጡት ነበር። ውርጭ ሲሆን ረግቶ ይንሸራተቱበታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰፈሩ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ማኅበር አቁመው ከሲሚንቶው ሥር ቱቦ አስቀበሩ፤ ማሽን አስመጡ። ጣሪያ ግን አልነበረውም። በጥቅምት የሚረግፈው ቅጠል በረዶው ላይ እየወደቀ ይጣበቅና ተጫዋቹን ያደናቅፈው ነበር። አንድ ዓመት ዝናብ ሁለት ግጥሚያ ካበላሸ በኋላ ነው የእንጨቱ ጣሪያ የተሠራው። ሙሴ አርማን የትኛውን ሳንቃ ማን እንደመታው በጣታቸው እያመለከቱ ይነግሩኛል። አናጢው አንዱን ምሰሶ አጣሞ ስላቆመው እስከ ዛሬ ይወቅሱታል፤ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል።

አነጣጠፉን እነሆ። ከሲሚንቶው ሥር ባሉት ቱቦዎች ውስጥ በአሞንያ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ይዞራል። ወለሉ ሦስት ቀን ይቀዘቅዛል። ከዚያ ውሃ ይረጫል እንጂ አይደፋም፤ መስተዋት ላይ እፍ ሲሉ እንደሚቀረው ጤዛ የሳሳ ነው። ይረጋል፤ ይደገማል፤ ይረጋል። ቀጥሎ ኖራ የመሰለ ነጭ ቀለም፣ በላዩ ቀዩና ሰማያዊው መሥመር። መሥመሩ ላይ ቸኩሎ ውሃ የደፋ ሰው ቀዩ እንደ ደም ሲፈስ ያየዋል። እኔ አንዴ አይቼዋለሁ። ከዚያ በላይ እንደገና ጤዛ በጤዛ፣ ሁለት ጣት እስኪሞላ። ከዚያ ከወፈረ ቅዝቃዜው ላዩ ጋ አይደርስም፤ ከሳሳ ደግሞ የጫማው ስለት ሲሚንቶ ይነካል።

ለመረዳት ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ የሙቅ ውሃው ነገር ነው። በጨዋታ መሃል በረዶው ሲቧጠጥ መኪና ላዩን ልጎ ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው ሙቅ ነው። በረዶ ላይ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ እብደት መስሎኝ ጠየቅኋቸው። ቀዝቃዛ ውሃ እንደ እንግዳ ላዩ ላይ ይቀመጣል አሉኝ፤ ሙቁ ግን አሮጌውን በረዶ ትንሽ አቅልጦ አብሮት ይረጋል፤ ቤተኛ ይሆናል። ይህን ሲሉኝ ስለ በረዶ ብቻ አላሰብኩም።

ሙሴ አርማን በየማለዳው የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። በረዶው ላይ ከመውጣታቸው በፊት በአንዱ ጥግ በሆዳቸው ሊተኙ ጥቂት እስኪቀራቸው ጎንበስ ብለው፣ በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን በረዶውን ገደድ አድርገው ያዩታል። ከጣሪያው የምትንጠባጠብ ጠብታ ስትረጋ ኪንታሮት የምታህል ጉብታ ትሠራለች፤ እሷን ፈልገው ይፍቃሉ። ከዚያ በአሮጌ የሆኪ ዱላ እጀታ እያንኳኩ መዞር ነው። ከወለሉ ጋር የተጣበቀ በረዶ ድፍን ድምፅ አለው። የለቀቀ በረዶ እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። ዱላውን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ይሰማሉ። ተሳስቼ ድፍን ነው ስል እንደገና እስክመታው ይጠብቃሉ። ተመልካቹንም ከማሽን ሒሳብ ይቆጥሩት ነበር። አዳራሹ ጢም ሲል ሰው ሁሉ ምድጃ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ስንት ትኬት እንደተሸጠ ጠዋት ሳይጠይቁ ማሽኑን አያስነሡም።

ስለ ጨዋታው ደግሞ ላውራ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቆልማማ ዱላ የያዙ ጎበዛዝት አንዲት ጥቁር ክብ ነገር እያሳደዱ ሲጋጩ፣ ሲወድቁ፣ ሲሰዳደቡ ተመለከትኩና «ይህማ የገና ጨዋታ ነው» አልኩ ለራሴ። ሩሯ ጠፍጣፋ ሆነች እንጂ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ይህን ለሙሴ አርማን ሳስረዳቸው አላመኑኝም። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት በእኛ የልደት በዓል ቀን አንድ ሰዓት እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው።

ከጄኔቭ አሥር ያህል ሆንን። ከዙሪክ ደግሞ አቶ መኰንን አራት ሰው ይዘው በባቡር መጡ። አቶ መኰንን አዲስ አበባ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ ያን ጊዜ ዙሪክ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መንሸራተቻ ጫማ የሚችል ስለሌለ በመንገድ ጫማችን ላይ የሱፍ ካልሲ አጠለቅን፤ እንዲያ ከሆነ በረዶው ያን ያህል አይከዳም። ጄኔቭ ከዙሪክ ገጠምን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች፣ አንዱ ዲፕሎማት የነበረ፣ አንዱ የመቶ አለቃ፣ በሆዳቸው እየተንሸራተቱ ሩር ሲያሳድዱ ማየት ነው። አቶ መኰንን የቀድሞውን ዲፕሎማት ቁርጭምጭሚት ዱላ አቀመሱት። ሙሴ አርማን ዳኛው የት አለ ብለው ጠየቁኝ። ዳኛ የለውም፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል ብዬ ተረጎምኩላቸው። ንጉሥም ቢሆን? አሉ። ንጉሥም ቢሆን አልኳቸው። እንግዲያው ከእኛው ይሻላል ብለው ዱላ አንሥተው ለዙሪክ ገቡ። ዙሪክ አሸነፈ። እኔ ዛሬም ድረስ ያለ አግባብ ነው እላለሁ።

ለአስቴር የመውጫ ፈቃድ የተገኘው ከመጣሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። ኦ ቪቭ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን፤ እሷ በአንድ የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ገባች። ሙሴ አርማን ጡረታ የወጡት በዚያው ዓመት ነው። ቁልፎቻቸውን አስረክበውኝ አለቃው እኔ ሆንኩ። ያ ዓመት የደስታ ዓመት ነበር፤ ጥፋቴም የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

የካቲት ላይ ክለቡ ወደ ከፍተኛው ምድብ ለማለፍ ከአንድ የተራራ ከተማ ቡድን ጋር የሚጫወትበት እሑድ ደረሰ። ከሰኞ ጀምሮ ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ ሰንብቷል። እሑድ ማለዳ እንደ ልማዴ እያንኳኳሁ ስዞር በግራው ግብ ፊት በረዶው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ደገምኩት። ባዶ ነው። ከሥር ካሉት ቱቦዎች በአንዱ አየር ገብቶ የጨው ውሃው አልዞረም ማለት ነው። አየሩን አስወጥቶ ያንን ቦታ እንደገና ለማንጠፍ አንድ ቀን ይፈጃል። አንድ ቀን ማለት ግጥሚያው ይተላለፋል ማለት ነው። ትኬቱ ተሸጦ አልቋል፤ የእንግዶቹ አውቶቡሶች መንገድ ላይ ናቸው። አለቃ ከሆንኩ ገና አምስት ወር ነው። ያ የጽዳት ሠራተኛ ሲሉኝ በጆሮዬ ተሰማኝ። ስለዚህ የማሽኑን ቅዝቃዜ ጨመርኩ፣ እስከ ከሰዓት ይረጋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሉክ የሚባል የእኛ ቡድን ተከላካይ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በግራው ግብ ፊት ሊዞር ሲል የጫማው ስለት ሰመጠ። ሰውነቱ ዞረ፤ ጉልበቱ አልዞረም። ድምፁን ከማሽን ክፍሉ መስኮት ሆኜ ሰማሁት። በቃሬዛ ሲያወጡት ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ግጥሚያው ቀጥሎ ተሸነፍን። ዳይሬክተሩ እኔን አግኝቶ ሆኪ ነው፣ ያጋጥማል አለኝ። ማንም አልወቀሰኝም። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግሥቱ ሙሴ አርማን ቤት ሄድኩ። ከአዳራሹ ሁለት መንገድ አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጠዋት ሰምተኸዋል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ባትሰማው አስተምርህ ነበር። ከሰማኸው ግን ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ነው የምትነግረው።»

ካፖርቴን ሳልከፍት ወጣሁ። ሆስፒታል ስደርስ ሉክ እግሩ ተሰቅሎ ተኝቷል። ቆሜ ነገርኩት፤ ጠዋት እንዳወቅሁ፣ ዝም እንዳልኩ፣ ለምን ዝም እንዳልኩም። ፈረንሳይኛዬ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ሐኪሙ ከእንግዲህ በዚያ ደረጃ አትጫወትም እንዳለው ነገረኝ። እዚያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይቅርታ ልለምነው አስቤ ነበር፤ ለራሴ ዕረፍት ፍለጋ መሰለኝና ተውኩት። ወጥቼ ለዳይሬክተሩም ተናገርኩ።

ዳይሬክተሩ አላባረረኝም። የአለቅነቱን ቁልፍ ተቀበለኝና ለሁለት ዓመት ዙሪክ፣ በሰሜን በኩል ወዳለ ሌላ የበረዶ አዳራሽ ላከኝ። ቅጣትም ትምህርትም ነበር። አስቴር ሥራዋን ትታ እንዳትከተለኝ ተስማማንና በየሁለት ሳምንቱ በባቡር እመላለስ ጀመር። ማረፊያዬ ዜባህ በሚባል የዙሪክ ሰፈር፣ አቶ መኰንን ቤት ሆነ። ዙሪክ የተወለደችው ትንሿ ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ ታደሰ፣ አንተ አይስባን ላይ ነው አርባይት ያለህ?» አለችኝ፤ በጀርመንኛ የበረዶ ሜዳና ሥራ ማለቷ ነው። አባቷ «እርስዎ በይ» አሏት። «እርስዎ አይስባን ላይ ነው አርባይት ያለህ?» አለች። በዚያ ሰሞን ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የዚያ አዳራሽ አለቃ፣ እነሱ አይስማይስተር የሚሉት፣ ሄር ኬለር ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። እሱ በረዶ አይሰማም፤ በየማለዳው በእጅ መሰርሰሪያ አርባ ቦታ ይበሳና ውፍረቱን ለክቶ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሰሌዳው የተሰቀለው ተጫዋቾቹ በሚገቡበት በር ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ ብጠይቀው፣ የሚወድቁት እነሱ ናቸው፣ ማወቅ አለባቸው አለኝ። ዱላዬን እያየ ስቆበት አያውቅም። አንድ ቀን እኔ ባዶ ያልኩትን ቦታ እሱ ሰርስሮ እውነት ሆኖ ሲያገኘው፣ በሰሌዳው ላይ አዲስ ዓምድ አሰመረና «ጆሮ» ብሎ ጻፈበት።

አቶ መኰንን የሉክን ነገር ያውቁ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ እንቅልፍ እንደሚነሳኝ ሳጫውታቸው፣ አገር ቤት ስንት ሰው አጥፍቶ ማን ምን አለ ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

«እሱን ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው?» አልኳቸው።

አቶ መኰንን እንጀራ ቆርሰው አጎረሱኝ።

ወደ ጄኔቭ ስመለስ ቁልፉ ተመለሰልኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ ሰሌዳ ገዝቶ ተጫዋቾቹ በሚገቡበት በር ላይ መስቀል ነበር። ለስላሳ ቦታ ካለ በቀይ እከብበዋለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ግጥሚያ አስተላልፌያለሁ። በሁለቱም ቀን ተሰድቤያለሁ፤ በሁለቱም ቀን ቤቴ ገብቼ በሰላም ተኝቻለሁ።

ሉክ ትራም ነጂ ሆኗል ብለው ነገሩኝ። ሲያነክስ አንዳንዴ ከሩቅ አየዋለሁ፤ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጁን ይዞ አዳራሹ መጣ። ጫማዋን አስሮላት፣ «ባንድ» በምንለው የሜዳው የእንጨት አጥር በር አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ታዴ፣ ዛሬ በረዶው እንዴት ነው?» አለኝ።

«የቀኙ ጥግ ለስላሳ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠብቁ።»

ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ዞሬ ሁሉንም ጥግ አንኳኩቼ ተመለስኩና ራሴን ነቀነቅሁለት። ተነሥቶ በሩን ከፈተላት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ ከዚያ ወዲህም አላለኝም። ልጁን ግን በእኔ ቃል በረዶው ላይ ለቀቃት። በየቅዳሜው መምጣት ጀመሩ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አዳራሹ ራሱ ሊቀር ነበር። ማሽኑ አርጅቷል፣ አሞንያ በመኖሪያ ሰፈር መሃል ያሰጋል፣ ይዘጋ ወይስ ይታደስ የሚለው ለሰፈሩ ሰው ድምፅ ቀረበ። እኔ የማውቀው ምርጫ በቀበሌ ስብሰባ እጅ የሚወጣበት፣ ያላወጣው ማን እንደሆነ የሚታይበት ነው። እዚህ በፖስታ ወረቀት ይመጣል፤ ሰው ማእድ ቤቱ ተቀምጦ ስለ በረዶ ወለል አዎ ወይም አይ ብሎ ይጽፋል። እኔ የውጭ ሰው ስለሆንኩ ወረቀቱ አልመጣልኝም። በአንድ በኩል የእንጀራዬ ነገር ነው፣ በሌላ በኩል ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነኝ ሰው ሌላ ሥራ የሚሰጠኝ የለም፤ ሆኖም እጄን አጣጥፌ መጠበቅ ብቻ ነበር። ሙሴ አርማን ግን ጉልበታቸው እያመማቸው በየሕንፃው ደረጃ ወጥተው በር አንኳኩ። ሰው ስለ አሞንያ ሲጠይቃቸው አደጋውን አልደበቁም፤ አዲሱ ማሽን ምን እንደሚለውጥ ቁጭ ብለው ያስረዱ ነበር። ውጤቱ በታወቀበት እሑድ ስልክ ደወሉልኝ።

«ታዴ፣» አሉኝ፣ «ነገ ሥራ አለህ።»

አዲሱ ማሽን ገባ፤ ጣሪያውም ተጠገነ። ጠማማውን ምሰሶ ሊያቀኑት ሲሉ ሙሴ አርማን ተቃወሙ፤ እንደነበረ ቀረ። ከዚያ ሦስት የውድድር ዘመን አገለገልኩ። ቦታዬን የተረከበችኝ ሲልቪ የምትባል፣ ከቀዝቃዛ መጋዘን ሥራ የመጣች ጎበዝ ሴት ናት። መሰርሰሪያውንም ዱላውንም አስረከብኳት። መጀመሪያ ዱላውን ነው ያነሣችው።

በመጨረሻው ቀን ማሽኑን ያጠፋሁት ጠዋት ነው። በረዶው መላብ እስኪጀምር ጥቂት ሰዓት አለው። አስቴር የሥራ ፈረቃዋን ቀይራ ለመሸኛው መጥታ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መጥታ ከአዳራሹ ቡና ቤት ሆና በመስተዋት ታየኛለች እንጂ በረዶው ላይ ረግጣ አታውቅም። እወድቃለሁ ትላለች። ወይኑ ተጠጥቶ ሰዉ ሲበተን፣ ነይ፣ ዛሬ ካልረገጥሽው ነገ ውሃ ነው አልኳት። ክንዴን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። እግሯን እንደ ሕፃን እየለካች፣ ከአንዱ ግብ ወደ ሌላው ግብ ሄድን። ከመሃል ስንደርስ ቆመች። ጠዋቱ ፀሐያማ ነበር፤ ከከፍተኛው መስኮት የገባው ብርሃን በበረዶው ላይ ወድቆ ወደ ጣሪያው ይመለስና ሳንቃዎቹን ሁሉ ወርቅ አስመስሏቸዋል። ቀና ብላ ስታይ ቆየች።

«ብርዱን ነበር የማስበው» አለችኝ። «ጠዋት በወጣህ ቁጥር፣ ወደ ብርድ ሄደ እል ነበር። ይህን ብርሃን ግን አንድ ቀን አልነገርከኝም።»

እውነቷን ነው፤ አልነገርኳትም። ከእግራችን ሥር ውሃ መቋጠር እስኪጀምር ድረስ እዚያው ቆምን።